ሁለት ዲግሪ በአንድ ጊዜ፦ ሕግ፣ ቢዝነስና ፐብሊክ ፖሊሲን አጣምሮ መማር ለማን ይጠቅማል?



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ የምረቃ ወቅት በቀረበ ቁጥር ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። የሕግ ተማሪው “ኤምቢኤ ልጨምርበት ወይ?” ይላል። የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ ደግሞ “ፐብሊክ ፖሊሲን ከቢዝነስ ጋር አብሬ ብማርስ?” ትላለች። በተለይ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስቡት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያስሱ ሁለት የድህረ ምረቃ ዲግሪ በአንድ ላይ የሚያሰጡ ፕሮግራሞችን ያገኙና ልባቸው ይንጠለጠላል።

አባቶቻችን “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱን ዛፍ ለመውጣትም ሁለት እግር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ሁለት ዲግሪ የሚጠቅመው ልንሠራው ያሰብነው አንድ ሥራ ሁለቱንም ዕውቀት ሲጠይቅ ነው። ሥራው ሳይታወቅ ዲግሪ መደራረብ ግን ዕድሜም ገንዘብም ይበላል። ሁለቱን እንዴት መለየት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ጥምር ዲግሪ ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን አምስት ዓመት ይፈጃል። በአሜሪካ ግን አንድ ሰው በመጀመሪያ በሌላ መስክ ተመርቆ ነው ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው። እዚያ የሚያገኘው ዲግሪ ጄዲ ይባላል፤ በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሦስት ዓመት ነው። የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ (ኤምቢኤ) እና የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ (ኤምፒፒ) በአብዛኛው ሁለት ሁለት ዓመት ይወስዳሉ። ጄዲንና ኤምቢኤን አንዱን ከሌላው በኋላ የሚማር ሰው አምስት ዓመት ያስፈልገዋል። በጥምር ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት ያልቃል። ለምሳሌ በሃርቫርድ ጄዲ ከኤምቢኤ ጋርም ሆነ ጄዲ ከኤምፒፒ ጋር አራት አራት ዓመት ነው፤ ኤምፒፒ ከኤምቢኤ ጋር ደግሞ ሦስት ዓመት። ኖርዝዌስተርንና ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጄዲንና ኤምቢኤን በሦስት ዓመት የሚያስጨርሱ የተጣበቡ ፕሮግራሞች አሏቸው።

አንዱ ዓመት የት ሄደ? መልሱ ክሬዲት ላይ ነው። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ዕውቅና ያለው ሕግ ትምህርት ቤት ለጄዲ ቢያንስ 83 ክሬዲት መጠየቅ አለበት። ለማስላት ያህል ሕግ ትምህርት ቤቱ 84፣ ቢዝነስ ትምህርት ቤቱ 60 ክሬዲት ይጠይቃሉ እንበል፤ ድምሩ 144 ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሌላኛው የተወሰዱ 12 ክሬዲቶችን እንደ ራሱ ቆጥሮ ቢቀበል 24 ክሬዲት ይቀንሳል፣ 120 ይቀራል። በሴሚስተር 15 ክሬዲት ለሚወስድ ተማሪ 120 ክሬዲት ማለት ስምንት ሴሚስተር፣ አራት ዓመት ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ነገር እንረዳለን። ዓመቱ በነፃ አልተገኘም፤ የተከፈለው በምርጫ ኮርሶች ነው። የሁለቱም ትምህርት ቤቶች የግዴታ ኮርሶች ሳይነኩ ይቀራሉ፤ የሚቀነሰው ተማሪው በፍላጎቱ ጠለቅ ብሎ ሊማርበት ይችል የነበረው ክፍል ነው። አንድን የሕግ ዘርፍ እስከ ጥጉ መማር ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

የአራት ዓመቱ አካሄድ በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ አንዱን ዓመት ሙሉ በአንዱ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ሙሉ በሌላኛው፣ የቀሩትን ሁለቱን በቅይጥ። አንድ ጥሩ ጎንም አለው። በትምህርት ዓመታት መካከል ያሉት ረጅም የዕረፍት ወራት ሁለት ጊዜ መሆናቸው ቀርቶ ሦስት ጊዜ ይሆናሉ። ተማሪው አንዱን በጠበቃ ቢሮ፣ አንዱን በኩባንያ፣ አንዱን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ልምምድ ሊያሳልፍ ይችላል።

2. ሦስቱ ትምህርቶች ምን ምን ያስተምራሉ?

ብዙዎቻችን ልዩነቱ በኮርሶቹ ስም ላይ ብቻ ይመስለናል። ትልቁ ልዩነት ግን በአስተሳሰብ ሥልጠናው ላይ ነው። ሕግ ትምህርት ቤትም ቢዝነስ ትምህርት ቤትም “ኬዝ” የሚባል ነገር ያስጠናሉ፤ ሁለቱ ኬዞች ግን አይመሳሰሉም።

የሕግ ኬዝ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ላንግዴል ያስፋፋው ዘዴ ተማሪውን ያለቀ ውሳኔ እያስነበበ ዳኛው ከየትኛው መርህ ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ ያስመረምረዋል። ውል፣ ንብረት፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የወንጀል ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በመጀመሪያው ዓመት የሚማሩት በዚህ መንገድ ነው። የቢዝነስ ኬዝ ደግሞ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ያለችበት ሁኔታ፣ የሒሳብ ሰነዷና ተፎካካሪዎቿ ይቀርቡና ተማሪው “አንተ ብትሆን ነገ ጠዋት ምን ትወስናለህ?” ተብሎ ይጠየቃል። ፐብሊክ ፖሊሲ ኢኮኖሚክስና ስታትስቲክስን መሣሪያ አድርጎ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ ይህ ደንብ ቢወጣ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል፣ በምን እናውቃለን?

ስለዚህ የሕግ ባለሙያው “ይፈቀዳል ወይ?” ሲል፣ የቢዝነስ ባለሙያዋ “ያዋጣል ወይ?” ትላለች፤ የፖሊሲው ሰው ደግሞ “ለሕዝቡ ይበጃል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙባቸው ሥራዎች አሉ፤ ከእኛ ሕይወት ጋር በቅርብ የተያያዘ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

3. ምሳሌ፦ ከወለድ ነፃ ባንክ

በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሀገራችን በ2008 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ ለሆነ የባንክ አገልግሎት በር ከፈተ። በ2011 የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን አገልግሎቱ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ ብቻ ነበር የፈቀደው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው በ2019 ነው። በ2021 ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ባንክ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አደረገ።

እነዚህን ዓመታት እንደ ታሪክ ብቻ አናንብባቸው። ከአዋጅ እስከ መመሪያ ያለው የሕግ ሥራ ነው። ማን ይፈቀድለት፣ እንዴት ይቆጣጠሩት የሚለው ፖሊሲ ነው። አክሲዮን ሸጦ ካፒታሉን ማሟላት፣ ቅርንጫፍ መክፈት፣ ደንበኛ ማፍራት ደግሞ ቢዝነስ ነው። አንዱ ቢጓደል ሌሎቹ ይቆማሉ።

ወደ አንድ ውል ብንወርድም እንዲሁ ነው። ደንበኛ መኪና ይፈልጋል እንበል። በሙራባሓ ባንኩ መኪናውን ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ለደንበኛው ይሸጣል። የሕግ ባለሙያው፦ በሁለቱ ሽያጮች መካከል መኪናው የማን ነው? ሳይረከብ ቢቃጠል ኪሳራው በማን ላይ ያርፋል? ፍርድ ቤት ውሉን ሽያጭ ነው ይለዋል ወይስ ብድር? የቢዝነስ ባለሙያዋ፦ ደንበኛው ቢያዘገይ ወለድ መቁጠር ስለማይቻል ባንኩ ይህን ሥጋት በዋጋው ውስጥ እንዴት ያስገባዋል? የፖሊሲው ሰው፦ ሽያጩ ሁለት ጊዜ ስለሆነ ግብሩም ሁለት ጊዜ ይከፈል? እንግሊዝ ውስጥ ይህ ጥያቄ በእውን ተነስቶ ነበር። በዚህ መንገድ ቤት የሚገዛ ሰው ጉዳይ ላይ የቴምብር ቀረጡ ሁለት ጊዜ ይቆጠር ስለነበር በ2003 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ድግግሞሹን አስቀረው። ችግሩን ለመፍታት ውሉን የሚረዳ፣ ዋጋውን የሚያሰላና ሕግ አውጪውን የሚያሳምን ሰው አስፈለገ።

ቀደምቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) የፊቅህ ሊቅ ብቻ ሳይሆኑ በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ስለ ሽያጭ ሲናገሩ ገበያውን ከውስጥ ያውቁታል። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ዋና ቃዲ ሆነው ስለ መሬት ግብርና ስለ መንግሥት ገቢ “ኪታብ አል-ኸራጅ” የተባለውን መጽሐፍ ለኸሊፋው ጽፈዋል። መጀመሪያ የተገኘው ጥያቄው ነው፤ ዕውቀቶቹ የተገናኙት ጥያቄው ስለጠራቸው ነው።

4. ዋጋው

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። በአሜሪካ የታወቁ የግል ሕግ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ምግብና ቤት ኪራይ አልገባበትም። ሁለተኛውን ዲግሪ ለማግኘት የሚጨመረው ዓመት ሁለት ዋጋ አለው፦ የሚከፈለው ገንዘብና በዚያ ዓመት ሳይሠራ የቀረው ደሞዝ። ከእኛ መካከል እናትና አባቱ ወይም ታናናሾቹ ደሞዙን የሚጠብቁት ወንድም አለ። ለእርሱ አንድ ዓመት የአንድ ሰው ዓመት ብቻ አይደለም።

ለሙስሊም ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ብዙ የአሜሪካ ተማሪ ይህን ወጪ የሚሸፍነው በወለድ ብድር ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ብድር ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች እንጂ ከውጭ ለትምህርት ለሚሄድ ተማሪ አይሰጥም። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችንም ቢሆኑ ሕጉ መለወጡን ማወቅ አለባቸው። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት “ግራድ ፕላስ” የተባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይዘጋል። ለሕግና መሰል የሙያ ትምህርቶች ጣሪያው በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ለሌላ የድህረ ምረቃ ትምህርት በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር ይሆናል።

ስለ ወለድ ብድር ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። አንድ ምክር ግን አለን። ዓሊም ዘንድ ስትሄዱ “ለትምህርት መበደር ይቻላል ወይ?” ብላችሁ በደፈናው አትጠይቁ። ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንደሞከራችሁ፣ ሁለተኛው ዲግሪ ባይኖር ብድሩ በስንት እንደሚቀንስ ጽፋችሁ ያዙ። ብዙ ጊዜ ወደ ብድር የሚገፋው ሁለተኛው ዲግሪ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢሆን በስኮላርሺፕ ሊያልቅ ይችል ነበር።

ከወለድ ነፃ የሆኑ መንገዶች ጠባብ ቢሆኑም አሉ። በስታንፎርድ የናይት-ሄኔሲ ስኮላርሺፕ ከየትኛውም ሀገር ለሚመጣ ተማሪ ክፍት ነው፤ ጥምር ዲግሪን ጨምሮ እስከ ሦስት ዓመት ይሸፍናል። የፕሪንስተን የፐብሊክ ፖሊሲ ትምህርት ቤት ለአብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎቹ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ባይኖረውም ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ትምህርት ቤቶች ጋር አጣምሮ መማር ይቻላል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች የፖልና ዴይዚ ሶሮስ ፌሎውሺፕ እስከ 90 ሺህ ዶላር ይሰጣል። “ኤ ኮንቲኒዩየስ ቻሪቲ” የተባለው ድርጅት ደግሞ በአሜሪካ ለሚማሩ ሙስሊሞች ከወለድ ነፃ ብድር ያቀርባል። ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ “በሁለተኛው ትምህርት ቤት በምሆንበት ዓመት ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል?” በጥምር ዲግሪ ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።

5. በኢትዮጵያ ሕግ ለተመረቀ ሰው

ኤልኤልቢ ያለው ሰው ጄዲ መጀመር አይከለከልም፤ ግን ሕግን ሦስት ዓመት እንደገና መማር ማለት ነው። የተለመደው መንገድ አንድ ዓመት የሚወስደው ኤልኤልኤም ነው። ስለዚህ ለእኛ ተመራቂዎች እውነተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ኤልኤልኤምን ከኤምፒፒ ወይም ከኤምቢኤ ጋር ማጣመር ነው። ኒው ዮርክ በሌላ ሀገር ሕግ የተማረ ሰው መስፈርቱን ካሟላና ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም ከጨረሰ ለጠበቃነት ፈተና እንዲቀመጥ የምትፈቅድበት መንገድ አላት። በሀገራችን ጥብቅና ለመቆም ግን ፈቃዱ የሚገኘው በሀገራችን ሕግ ነው፤ የውጭ ዲግሪ ብዛት አይተካውም።

የቪዛ ጉዳይም አለ። በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ዓመት በሙያ ለመሥራት የሚሰጠው ፈቃድ በአንድ የትምህርት ደረጃ አንድ ጊዜ ነው። ኤልኤልኤምና ኤምፒፒ ሁለቱም ማስተርስ ናቸው፤ ሁለት ዲግሪ ስለያዝን ፈቃዱ እጥፍ አይሆንም።

ከአሜሪካ ውጭም መንገድ አለ። ኦክስፎርድ አንድ ዓመት ማስተርስ፣ አንድ ዓመት ኤምቢኤ በማድረግ በሁለት ዓመት ሁለቱን የሚያሰጥ “አንድ ሲደመር አንድ” የሚባል ፕሮግራም አለው። ቼቪኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲሆን የሚሸፍነው የአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻ ነው፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድና ከትምህርት በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ ሀገር መመለስን ይጠይቃል።

6. ማመልከቻና የትምህርት ቤት ሕይወት

በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻው አንድ ነው። እንደ ሃርቫርድ ባሉት ግን ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ለየብቻ ማመልከትና በሁለቱም ለየብቻ መመረጥ ያስፈልጋል። ሕግ ትምህርት ቤቶች ኤልሳት፣ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ጂማት ወይም ጂአርኢ ይጠይቃሉ። ከ2016 ወዲህ ብዙ ሕግ ትምህርት ቤቶች ጂአርኢንም ስለሚቀበሉ አንዳንዴ አንድ ፈተና ለሁለቱም ይበቃል። ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ። ገና ከምረቃ ለሚወጣ ተማሪ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ማመልከት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ ሥራው ራሱ ሁለተኛው ዲግሪ ያስፈልግ አያስፈልግ ይነግረዋል።

ከገቡ በኋላ ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ ሁለት የፈተና ሳምንት፣ ሁለት የሥራ ቅጥር ወቅት አለ። ረመዳን በፈተና ጊዜ የሚውልበት ዓመት ይኖራል፤ የጁሙዓ ሰዓት ከግዴታ ኮርስ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይህን በሴሚስተሩ መጀመሪያ መናገር በመጨረሻው ከመጨነቅ ይሻላል። የቢዝነስ ትምህርት ቤት የትውውቅ ምሽቶች መጠጥ የማይታጣባቸው ናቸው። ለሥራ የሚፈለግን ሰው በቀን በሻይ ሰዓት ለማግኘት መጠየቅ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም እንደ ነውር አያየውም።

7. ከመወሰን በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መልሷቸው፦

ሀ. ከአሥር ዓመት በኋላ የምሠራውን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እችላለሁ? ካልቻልኩ ሁለተኛው ዲግሪ ውሳኔን ማዘግያ እንዳይሆን።

ለ. ያንን ሥራ ዛሬ የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱንም ዲግሪ ይዘዋል? ሦስት ሰው ፈልጌ ጠይቄያለሁ?

ሐ. ዕውቀቱን ያለ ዲግሪው ማግኘት እችላለሁ? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከሌላ ትምህርት ቤት ኮርስ እንዲወስድ ይፈቅዳሉ። ለአንድ የሕግ ባለሙያ ሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስና ስታትስቲክስ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሙሉ ኤምቢኤ የግድ አይደለም።

መ. ሁለተኛው ዲግሪ ለእኔና ለቤተሰቤ በብር ስንት ነው? ከየት ይመጣል?

ሠ. ከሁለቱ አንዱን ብቻ ባገኝ የትኛውን እመርጣለሁ? ይህ መልስ ካለን መጀመሪያ የምናመለክተው እዚያ ነው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ለሁለተኛው ማመልከት ይቻላል።

መልሶቹን ከወላጆቻችሁ፣ ከመምህሮቻችሁና በሥራው ካሉ ሰዎች ጋር ተመካከሩባቸው፤ ከዚያ ኢስቲኻራ ስገዱ። ምክክሩ ሲቀድም ኢስቲኻራ የምናደርገው በሕልም ላይ ሳይሆን ግልጽ በሆነ ጉዳይ ላይ ይሆናል።

ሀገራችን ውሉን የሚጽፍ፣ ባንኩን የሚመራና መመሪያውን የሚያረቅ ሰው ትፈልጋለች። ሦስቱን በአንድ ሰው ማግኘት መልካም ነው፤ ሦስት ጓደኛሞች ተከፋፍለው ቢይዙትም መልካም ነው። ከአጠገባችሁ የተቀመጠችው እህት የፖሊሲ ተማሪ ከሆነች፣ የጎደላችሁ ሁለተኛ ዲግሪ ሳይሆን ከእርሷ ጋር አብሮ መሥራት ሊሆን ይችላል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና በረካ ያለው ዕድሜ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።